እትዬ ሃሴት እምቢ ያሉት ፊልም

ሊፍቱ ለፌቨን መቆም ከተወ አራተኛ ወሩን ይዟል። ፌቨን ዘጠነኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ሊፍቱ ውስጥ ሰው በዝቶ ስታይ "ግዴለም፣ እኔ በደረጃ እወጣለሁ" አለች። በማግስቱም እንደዚያው አለች። በሦስተኛው ቀን ዕቃ የተሸከመ ጎረቤት ቦታ ልልቀቅልሽ ቢላት "ኧረ ግባ፣ እኔ እግሬን ላፍታታ" ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ እሷ ስትጠራው አይመጣም። ሌላ ሰው ይዞ በፎቋ ሲያልፍ ግን "መልካም የእግር ጉዞ ይሁንልዎ" ይላታል።

ዳጊም እባላለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለው የዚህ ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። በያዝነው በ2073 ዓ.ም. ብቻ አሥራ አራት እንዲህ ዓይነት ጉዳይ መዝግቤያለሁ። አራተኛ ፎቅ ያለው መምህር ሚስቱ ዳቦ ስትቆርስለት "በቃኝ፣ በቃኝ፣ ኧረ በቃኝ" በማለቱ ፍሪጁ ከፋሲካ ጀምሮ የዳቦውን መደርደሪያ አይከፍትለትም። አንዲት አራስ ደግሞ ለልብስ ማጠቢያዋ አዝና ሦስት ቀን በተከታታይ "አንተም ደክሞሃል፣ ይበቃሃል" ብትለው ማጠቢያው በሕግ ፊት የጸና ዕረፍት ወጥቷል።

ዕቃዎቹ ክፉ አይደሉም። የሚከተሉት የፈቃድ አዋጁን ነው፤ አዋጁም ደግ አዋጅ ነው። ማንም ዕቃ ሰው እምቢ ያለውን ነገር በግድ እንዳያቀርብለት የወጣ ነው፤ ድሮ በየደቂቃው ዓይናችን ላይ ይለጠፍ ከነበረው ማስታወቂያ የገላገለን እሱ ነው። ሦስት ጊዜ እምቢ ያልከው ነገር ለዘለዓለም እምቢ ያልከው ነው ይላል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ሰው ቤት ምሳ ተጋብዘው አያውቁም ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የልጆቻችን ነገር ነው። ሰው ቤት ሄደው "ብሉ" ሲባሉ በመጀመሪያው "እሺ" ይላሉ። እሺ! ገና ወንበር ሳይስቡ! ምስኪኗ የቤቱ እመቤት ሁለተኛ ልትለምን አፏን እንደከፈተች ትቀራለች።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ኢዮስያስ በሬን አንኳኩ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ስለነበሩ እስካሁንም ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ኮርኒሱን ነው የሚያዩት። ያን ዕለት ኮርኒሱን አላዩም።

"ዳጊም፣ ጉድ ሆኛለሁ" አሉኝ።

"ምን ገጠመዎት?"

"ሃሴት እምቢ አለች።"

"ምኑን?"

"ፊልሙን!"

ጋሽ ኢዮስያስ "ፊልሙን" ሲሉ እዚህ ሕንፃ ውስጥ የትኛውን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በ2032 ዓ.ም. ባለቤታቸው እትዬ ሃሴት፣ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ "ሁለት ሰርግ በአንድ ቅዳሜ" የሚባል ፊልም ላይ ተጫውተዋል። የተጫወቱት ለዘጠኝ ሰከንድ ነው። አንድ ንግግር አላቸው። ፊልሙ በተመረቀ ቀን ጋሽ ኢዮስያስ አዲስ ከረባት አስረው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቁ፤ የሚስታቸው ተራ ሊደርስ ሲል አንድ ዘበኛ በሩን ከፍቶ የመኪና ታርጋ ጠራ። መንገድ ዘግተው ነበር ያቆሙት። ወጡ፣ መኪናውን አስጠጉ፣ ሮጠው ተመለሱ። ሲመለሱ እትዬ ሃሴት አልፈዋል።

ፊልሙ ሰው ስላልመጣለት በአራተኛው ቀን ከሲኒማ ቤቱ ወረደ። የእትዬ ሃሴት ቅያሜ ግን አርባ አንድ ዓመት ታየ። "ምን ብለሽ ነበር?" ብለው ሲጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ስታየው ትሰማዋለህ።" ለልጃቸው አልነገሩም፣ ለጎረቤት አልነገሩም።

ጋሽ ኢዮስያስ ሳይሞክሩ ቀርተው አይደለም። በ2034 አዘጋጁን ለምነው ፊልሙን በፍላሽ አስገለበጡ፤ ቴሌቪዥኑ "ይህን ዓይነት ፋይል አላነብም" አለ። የሚያነብ ቴሌቪዥን ገዙ፤ እሱ ደግሞ የፍላሽ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳውን የሚተካ ገመድ ከዱባይ አስመጡ፤ ገመዱ እስኪደርስ ቴሌቪዥኑ ራሱን አድሶ ኖሮ "ያልተፈቀደ ገመድ" ብሎ መለሰው። በ2049 ፊልሙ በኢንተርኔት መታየት ጀምሯል ተባለ፤ የሚታየው ግን ከ2050 ወዲህ በሚሠራ ስክሪን ብቻ ነበር። ዓመት ጠብቀው የ2050ውን ስክሪን ሲገዙ ፊልሙን ያቀርብ የነበረው ድርጅት ተዘጋ። ዛሬ ሳሎናቸው ጥግ ላይ እነዚህ የማይግባቡ ዕቃዎች ተቆልለዋል። እትዬ ሃሴት ዳንቴል አልብሰው አበባ አስቀምጠውባቸዋል።

ረቡዕ ዕለት ታዲያ ፊልሙ ሳይጠሩት መጣ። የድሮ ፊልሞችን የሚያከማች አንድ ድርጅት ተመልካች ያጡትን ሊያጠፋ ወስኖ ለአራት ቀን ለስንብት ለቀቃቸው። እሑድ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጠፋሉ። ሌላ ቅጂ የለም።

"ሶፋው ላይ ተቀምጠናል" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። "ኮምፒውተሩ በትሕትና ጠየቃት። 'ወይዘሮ ሃሴት፣ ይህን ፊልም ማየት ይፈልጋሉ?' አላት። 'አይ፣ ምን ያደርጋል፣ ሌላ ደህና ነገር ካለ እሱን ክፈት' አለችው። እኔ 'ኧረ እንየው!' አልኳት። 'ተወኝ እባክህ፣ እኔን ብሎ ደግሞ ፊልም' አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች እኮ ነው! 'ኧረ ሃሴቴ' ብላት 'አላይም አልኩህ' አለች። ይኼኔ እኔ ትራሱን እያመቻቸሁላት ነው። ከዚህ በላይ እሺ አለ እንዴ?"

"የለም" አልኩ። እውነትም የለም።

"ስክሪኑ ድርግም አለ።"

"እትዬ ሃሴትስ ምን አሉ?"

"ምን ትላለች? 'እኔ መቼ አላይም አልኩ?' አለች። ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። እስካሁን አላናገረችኝም።" ጋሽ ኢዮስያስ እጄን ያዙኝ። "ዳጊም፣ አሁንስ የኔ ጥፋት የት ላይ ነው? አልወጣሁም! ከሶፋው አልተነሳሁም!"

ነገሩን የሚያከብደው የሳሎኑ አሠራር ነው። ኮምፒውተሩ የአንድ ድርጅት ነው፣ ስክሪኑ የሌላ፣ ስፒከሩ የሦስተኛ። ድርጅቶቹ ስለማይዋደዱ ዕቃዎቹም አይነጋገሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ እምቢታን ለብቻው ይሰማል፣ ለብቻው ይመዘግባል፣ ለብቻውም ይኮራል።

መፍትሔው የእምቢታ ምስክርነት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ እምቢ ያለውን ሰው አሥር ዓመት የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች ዕቃው ፊት ቀርበው "እምቢ ያለችው ለይሉኝታ ነው" ብለው ቃላቸውን ይሰጣሉ። ዕቃው ካመነ እምቢታው ይሻራል። ምስክሮቹም ዋስ ስለሆኑ ነገሩ እስኪያበቃ ከክፍሉ አይወጡም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ እንደሚቀመጠው ነው፤ ልዩነቱ ዕቃ አያፍርም።

አንደኛው ምስክር እኔ ሆንኩ። ሁለተኛዋ ፌቨን ናት፤ እሷም ሃምሳን አልፋለች፤ አራት ፎቅ በደረጃ ወርዳ መጣች። ሦስተኛው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ናሆም ናቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መኪና በሰው ይነዳ በነበረበት ዘመን የሚኒባስ ሾፌር ነበሩ። እስከ ዛሬ ሲናገሩ ለኋላ ወንበር እንዲሰማ ብለው ነው።

ቀጠሮውን የሰጠን ኮምፒውተሩ ነው። ዓርብና ቅዳሜ "ራሴን እያደስኩ ነው" አለ። እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኑ አለን። ጋሽ ኢዮስያስ ሂሳቡን በወረቀት ሠርተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውታል። ፊልም መዝለል ስለማይቻል የእትዬ ሃሴት ተራ የሚደርሰው ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። እንግዲህ ከዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስምንት በኋላ ከተጀመረ እትዬ ሃሴት ስክሪኑ ላይ ሳይመጡ ፊልሙ ይጠፋል።

ስንገባ እትዬ ሃሴት ቆመው ተቀበሉን። ፊልም አላይም ያሉት ሴት አዲስ ሹሩባ ተሠርተዋል፤ የጆሮ ጌጥም አድርገዋል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! ምን ለፋችሁ እናንተ ደግሞ፣ ለማይረባ ነገር! በሉ ለስላሳ ላቅርብ።"

"አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ።

"አይ፣ ይቅርብኝ" አሉ ጋሽ ናሆም።

ፌቨን ገና እያለከለከች ስለነበር ምንም አላለችም። ኮምፒውተሩ ቃጭል የመሰለ ድምፅ አሰማና ስማችንንና ዕድሜያችንን መዘገበ።

"ወይዘሮ ሃሴት ሦስት ጊዜ እምቢ ብለዋል" አለ። "ምስክሮች ይክዳሉ?"

"አንክድም" አለች ፌቨን። "ግን እምቢ ማለታቸው አልነበረም።"

"ምን ማለታቸው ነበር?"

"እሺ ማለታቸው።"

"እሺ ለማለት 'እሺ' የሚል ቃል አለ።"

"አለ። ግን መጀመሪያ ላይ አይባልም።"

"በስንተኛው ይባላል?"

ሦስታችን ተያየን። "በሁለተኛው" አለች ፌቨን። "በሦስተኛው ነው እንጂ" አልኩ እኔ። ጋሽ ናሆም ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንደ ቤቱ ነው!" ብለው ጮኹ። "ጎረቤት ቤት በሁለተኛው፣ ዘመድ ቤት በሦስተኛው። አማት ቤት ከሆነ በአምስተኛውም አይባልም፤ ተርበህ ትወጣለህ!"

"ምስክሮች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም" ብሎ ኮምፒውተሩ መዘገበ። የማይግባቡ ዕቃዎችን ልናስታርቅ መጥተን እኛው ሳንግባባ ቀረን። ጋሽ ኢዮስያስ ወረቀታቸውን አውጥተው ሰዓቱን አዩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

"ሌላ ጥያቄ" አለ ኮምፒውተሩ። "ቀደም ሲል ወይዘሮ ሃሴት ለስላሳ አቅርበው ነበር። ሁለት ምስክሮች 'አይ፣ ይቅርብኝ' ብለዋል። ቃሉ አንድ ነው። የማንኛው እምቢታ እውነት ነው?"

"የኔ እውነት ነው" አሉ ጋሽ ናሆም። "ስኳር አለብኝ።"

"የአቶ ዳጊምስ?"

ይህን ሁሉ ዓመት የሌላውን ሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም። ሰው ቤት ተቀምጬ፣ በመዝገብ፣ በቃለ መሐላ፣ ለስላሳ አምሮኛል ብዬ መናገር! እናቴ ብትሰማ በመቃብሯ ታፍርብኝ ነበር።

"የኔ…" አልኩ፣ "የኔ ውሸት ነው።"

"አልተሰማም።"

"ለስላሳ እፈልጋለሁ! ቀዝቃዛ!"

እትዬ ሃሴት ካቀረቀሩበት ቀና አሉ። ከረቡዕ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ይመስለኛል። ጠርሙሱን ከፍተው ሰጡኝና "ይኼማ ድሮም ገብቶኛል" አሉ።

"እንዴት ገባዎት?" አለ ኮምፒውተሩ።

"ምኑ ይጠየቃል? 'አይ' ሲል ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ነበር። ጋሽ ናሆም 'አይ' ሲሉ ያዩት እኔን ነው። እውነቱን የሚል ሰው አንተን አይቶህ ነው እምቢ የሚለው።"

ኮምፒውተሩ መብራቱን ያርገበግብ ጀመር። ጋሽ ናሆም "ተበላሸ እንዴ?" አሉ። አልተበላሸም፤ የረቡዕን ማስታወሻውን እያገላበጠ ነበር።

"ወይዘሮ ሃሴት ረቡዕ ዕለት ሦስት ጊዜ እምቢ ሲሉ" አለ በመጨረሻ፣ "ሦስቱንም ጊዜ ያዩ የነበረው ስክሪኑን ነው። ምስክርነቱን ተቀብያለሁ።"

ፌቨን እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጋሽ ኢዮስያስ በእጃቸው አስቆሟት። ገና አንዱ ነው።

ስክሪኑ ይህን ሁሉ እንደማያውቅ ሰው ከአዲስ ጀመረ። ስማችንን ጠየቀ፣ ዕድሜያችንን ጠየቀ፣ ለስላሳዬን ሁለተኛ እንድመሰክር አደረገኝ። ሲጨርስ "ተቀብያለሁ" አለ። "ውሳኔው በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ተግባራዊ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የወይዘሮ ሃሴት ዓይን ካረፈብኝ እጠፋለሁ። የስንብት ፊልም ለቤተሰብ ብቻ ስለሆነ የእንግዳ ዓይን ካረፈብኝም እጠፋለሁ።"

ስፒከሩ ደግሞ ምስክር የሚባል ነገር ከነጭራሹ አያውቅም። የሚያውቀው አማርኛ ሁለት ነው፤ "እንደምን ዋሉ" እና "አይቻልም"። ሁለቱንም አለን።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ሆኗል።

"በቃ፣ ይቅር" አሉ እትዬ ሃሴት።

ይህኛው "ይቅር" ሌላ ነበር። ባላቸውን ቀጥ አድርገው እያዩ ነው ያሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ልመናም አልነበረም፤ መሶብ እንደሚከደን ነገሩን ከደኑት። እኔ ደነገጥኩ። እናትም ሚስትም እንዲህ ብላ ስትናገር የሰማ ሰው ለምን እንደደነገጥኩ ያውቃል።

"አይቀርም!" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። "አንቺ ባታዪው እኔ አየዋለሁ። አንቺማ ራስሽን ታውቂዋለሽ! ያላየሁሽ እኔ ነኝ።"

"ድምፅ የለውም እኮ።"

"አይኑረው።"

"ትተኛለህ።"

"አልተኛም!"

"ሰው ይጠራሃል፣ ትወጣለህ።"

"ምን ብሎ ይጠራኛል? መኪና የለኝ፣ ታርጋ የለኝ!"

እትዬ ሃሴት ትንሽ አሰቡና ዱካውን ሳቡ። ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ከባላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኛ ዋሶቹ መውጣት ስለማንችል ወንበሮቻችንን አዙረን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አደረግን፤ ክፍል ውስጥ ሲረብሹ እንደተቀጡ ተማሪዎች። ፊልሙ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ላይ ተጀመረ። ዘጠኝ ደቂቃ ትርፍ አለን።

ከአንድ ሰዓት በላይ ግድግዳ አይቼ አላውቅም ነበር። ግድግዳው ክሬም ቀለም ነው። የስክሪኑ ብርሃን ሲለዋወጥ እሱም አብሮ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ደብዛዛ ይሆናል። ጋሽ ናሆም በየደቂቃው "ምን ላይ ደረሰ?" ይላሉ። ጋሽ ኢዮስያስም ከኋላችን ይተርካሉ።

"አንድ ወፍራም ሰውዬ ይናገራል… ሌላው ይመልስለታል። አሁን ተቆጣ። ወይ ጥርሱን አሞታል።"

"ያ ወፍራሙ የሙሽራው አጎት ነው" ይላሉ እትዬ ሃሴት። "ሰርጉን ላስቀር እያለ ነው።"

"ለምን?"

"ሌላ ሰርግ ስላለበታ! በአንድ ቅዳሜ!"

በየሃያ ደቂቃው ኮምፒውተሩ "አቶ ኢዮስያስ፣ መቀጠል ይፈልጋሉ?" ይላል። ጋሽ ኢዮስያስ "እሺ! እሺ! እሺ!" ብለው ይጮኻሉ። ሰውዬው በሰባ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ባለጌ ሆኑ።

ከዚያ ትረካው እየሳሳ መጣ። "ሴትየዋ… ወደ… መንገዱ…" አሉ። ግድግዳዬ ጨለመ።

እሑድ ከሰዓት፣ ሆድ ሞልቶ፣ ድምፅ የሌለው ፊልም፤ እኔም ብሆን እተኛ ነበር። ብቸኛው ሕጋዊ ተመልካች ዓይናቸውን ሲከድኑ ስክሪኑም ከደነ።

"ኢዮስያስ!" አሉ እትዬ ሃሴት። "ዛሬም? ዛሬም?"

ጋሽ ኢዮስያስ ብድግ አሉ። "አልተኛሁም! ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው!" ስክሪኑ ግን ተመልካቹ በእርግጥ መንቃታቸውን ሳያጣራ አይቀጥልም። ሙሉ ስምዎ ማን ነው? ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ሲቀነስ ስንት ነው? ጋሽ ኢዮስያስ "ዘጠና ሦስት" አሉ። ከዚያ ላይስ ሰባት ሲቀነስ? እንዲህ እያለ እስከ ሁለት አወረዳቸው። ይህ ሁሉ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። እትዬ ሃሴት ሲያለቅሱ ሰማሁ። ድምፅ የለውም፤ ትንፋሻቸው ነው የሚቆራረጠው።

"ጋሼ፣ ቆመው ይዩ" አለች ፌቨን ከግድግዳዋ ሳትዞር። "ቆሞ የተኛ ሰው የለም፤ እኔ በደረጃ ስወጣ አይቼዋለሁ።"

ጋሽ ኢዮስያስ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ አንዴም አልተቀመጡም። አሥር ሰዓት ከአርባ አለፈ፣ ከሃምሳ አለፈ። ጋሽ ናሆም እንኳ ጥያቄ አቆሙ።

"ሰርጉ ገባ" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከፊቴ ግድግዳው ላይ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ጋወን ለብሳለች። ሳሎኑ ሲደምቅ የጋወኑ ጥቁር ላይ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ታየኝ፤ ትንሽ ሆኖ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ስክሪኑ በመስታወት የሚያይ ዓይን አልቆጠረም። ይህን ለኮሚቴው አላሳወቅሁም፤ አላሳውቅምም።

ድንኳን አየሁ። ነጭ የለበሰ ሰው ድንኳኑን ሞልቶታል። ሱፍ የለበሰ አንድ ወጣት ሳህን ይዞ ቆሟል፤ አልበላም ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ከዳር አንዲት ቀጭን ልጅ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። ጉርሻ ይዛለች። ሳቋ ፊቷን ሁሉ ወስዶታል። እትዬ ሃሴትን ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ እንደነበሩ ግን ማንም አልነገረኝም።

እትዬ ሃሴት ከዱካው ተነስተው ነበር። ጀርባቸው ለስክሪኑ ነው፣ ፊታቸው ለባላቸው። መቼ እንደሆነ እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም፤ ምናልባት የጋሽ ኢዮስያስን ፊት አይተው ይሆናል። ልጅቷ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ እትዬ ሃሴት ድንኳን በሚያህል ድምፅ፣

"በሞቴ!"

አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

አርባ አንድ ዓመት የተደበቀው ንግግር ይኼው ነበር።

ጋሽ ኢዮስያስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ሃሴት ባዶ እጃቸውን አጎረሷቸው። ጋሽ ኢዮስያስ ማኘክ ጀመሩ። እንባቸው እየወረደ በደንብ አድርገው አኘኩ።

"አየኸኝ?" አሉ እትዬ ሃሴት።

ጋሽ ኢዮስያስ አፉ እንደሞላ ሰው በአንገታቸው ብቻ አዎ አሉ።